ጥርስ መቼ ይነቀላል? በራሴና በቤተሰቤ ያየሁት

ጥርስ የሚነቀለው ስላመመ አይደለም። የሚነቀለው መጠገን የማይቻል ሲሆን፣ ወይም አፍ ውስጥ መቆየቱ ከመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳ ሲሆን ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው እኛ ዘንድ ሕመምና መንቀል አብረው ስለሚታሰቡ ነው። አንድ ሰው ጉንጩን ይዞ ከታየ «አስነቅለውና ተገላገል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። በቅንነት ነው የሚለው። ግን ሊድን የሚችል ስንት ጥርስ በዚህ ምክር ሄዷል!

እኔ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቼ በተለያየ ጊዜ ታመውብኛል። አንዱ ድኖ እስከ ዛሬ እያኘክሁበት ነው። አንዱ ተነቅሏል። እንቅልፍ ነሥቶኝ የነበረው የዳነው ነው። የተነቀለው ግን ጠጠር ያለ ነገር ስበላበት ብቻ የሚወጋኝ፣ ብዙም የማያስቸግር ጥርስ ነበር። የሕመሙ ብርታት ጥርሱ ይድን ወይም አይድን እንደሆነ አይናገርም። በቤታችን እናቴም፣ እህቴም፣ ወንድሜም ጥርስ አስነቅለዋል። የሁላችንም ምክንያት ለየቅል ነው። ነገ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

የመጀመሪያው የላይኛው የግራ መንጋጋዬ ነው። ሲጀምረኝ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ጠቅ አድርጎኝ ይጠፋ ነበር። ቆይቶ ትኩስ ሻይም ያመኝ ጀመር። ያኔ ሕመሙ ቶሎ አይለቅም፤ ብርጭቆውን ካስቀመጥኩ በኋላም ይቆያል። በመጨረሻ ምንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይነሳል። ቀን ደህና እውልና ማታ ጋደም ስል ይጠዘጥዘኛል። ከጆሮዬ ይሁን ከጥርሴ፣ ከላይ ይሁን ከታች መለየት ያቅተኛል። ጋደም ሲሉ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይበረታል፤ ጥርሱ ውስጥ ያለው የተቆጣ ሥጋ ደግሞ ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለውም።

ሰፈር መድኃኒት አያጣም። ቅርንፉድ ነከስኩ። ቅርንፉድ እውነትም ትንሽ ያደነዝዛል፤ ዘይቱን የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ነጭ ሽንኩርት ግን ድድ ያቃጥላል። አስፕሪን ሰባብሮ ጥርስ ላይ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ አስፕሪን አሲድ ስለሆነ ድዱን ይልጠዋል። የሚሠራው ሲዋጥ ነው። «ትል ነው የበላህ» ተብሎ በጭስ የሚታጠን ሰውም ዛሬም አለ። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጥርስን የሚበላው አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው።

ከሰፈር መድኃኒት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን መግዛት ነው። የጥርስ ነርቭ ሲቆጣ የሚመጣው ሕመም በአንቲባዮቲክ አይድንም። መድኃኒቱ በደም ነው የሚጓዘው። ውስጡ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ አልፎ ፊት ሲያብጥ ወይም ትኩሳት ሲመጣ ነው። ያኔም ቢሆን ከሕክምናው ጋር ነው የሚወሰደው፤ ሕክምናውን አይተካም። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድ ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው አይቡፕሮፌን ከመዋጡ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም። በቀዝቃዛ ጥጥ ጥርሶቹን ተራ በተራ ነካች። በመስታወቷ እጀታ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ራጅ አነሳች። ይህን ልብ በሉልኝ። ራጅ ሳያይ «ልንቀለው» የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ ተነስቼ ነው የምሄደው። ሥሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ መግል ይኑር አይኑር፣ አጥንቱ ምን እንደሚመስል በዓይን አይታይም።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ጥርስ ሦስት ንብርብር አለው። የላዩ ኢናሜል ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ ዴንቲን አለ። ለስለስ ስለሚል መበላቱ እዚህ ሲደርስ ቶሎ ይሰፋል። መሃሉ ላይ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ሥጋ አለ። መበላቱ ነርቡ ጋ ሳይደርስ ከተደረሰበት ይጠረግና ይሞላል፣ በቃ። ነርቡ ክፉኛ ከተቆጣ ግን መሙላት ብቻውን አይበቃም። ያኔ የሚቀረው ሁለት መንገድ ነው። ወይ የታመመውን ሥጋ አውጥቶ የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት ነው፤ ሩት ካናል የሚባለው ይህ ነው። ወይ መንቀል ነው።

አንድ የሚያታልል ደረጃም አለ። ሕመሙ ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን ዝም ይላል። ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ነርቡ ሞቶ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንፌክሽኑ በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንቱ ይወጣል። ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣና መግል እያፈሰሰ ይከርማል። አያምም፤ ግን አጥንት እየበላ ነው። ብዙ ጥርስ ሊድን በማይችልበት ደረጃ ሐኪም ጋ የሚደርሰው በዚህ ዝምታ ወቅት ስለሚዘነጋ ነው።

«ይህን ጥርስ ከፈለጉ ዛሬውኑ እነቅልልዎታለሁ» አለችኝ። «ግን ግድግዳው አለ፣ ሥሩም አጥንቱም ደህና ነው። የእኔ ቢሆን አላስነቅለውም።»

ምን አይታ እንደወሰነች ጠየቅኳት። ዋናው ነገር ከድድ በላይ ስንት ጥርስ ቀረ የሚለው ነው አለች። ሩት ካናል ሥሩን ያድናል፤ ላዩ ላይ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነውን ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ የሚሸከም ጤነኛ ጥርስ ከሌለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። መበላቱ ከድድ በታች ወርዶ ሥሩን ከነካ፣ ወይም የሥሮቹን መለያያ በስቶ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተስፋ የለውም። ቀጥሎ አጥንቱ ይታያል። ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ የያዘው አጥንት ካለቀ አይቆምም። በመጨረሻ ሥሩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ይታያል። የእኔ የላይኛው ይህን ሁሉ አለፈ።

ስለ ገንዘቡም ልናገር፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና። ሩት ካናልና ክራውን ከመንቀል ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው ቢያስነቅል ሊወቀስ አይገባም። ግን ከመወሰናችሁ በፊት የመተኪያውንም ዋጋ ጠይቁ። የተነቀለውን ለመተካት የሚወጣው ወጪ ከማዳኛው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎች የጥርስ ክፍሎች ከግል ክሊኒክ በጣም ይረክሳሉ፤ ወረፋው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሩት ካናል በደረጃ የሚሠራ ስለሆነ በየደረጃው ለመክፈል ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። ክራውኑን ግን አታዘግዩ። ነርቡ የወጣለት መንጋጋ ካልተሸፈነ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ተነቀለው። የታችኛው የቀኝ መንጋጋዬ ከዓመታት በፊት ትልቅ ሙሌት ተደርጎለት ነበር። አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ የተለየ ሕመም መጣ። ስነክስ ሳይሆን የነከስኩትን ስለቅ ነው የሚወጋኝ። እንጀራ ስበላ ምንም የለም፤ ጠጠር ያለ ነገር ሲገባ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ካላችሁ ለሐኪሙ ልክ እንደዚህ ንገሩት። ሲለቁ የሚወጋ ሕመም የተሰነጠቀ ጥርስ ዋና ምልክት ነው።

ዶክተሯ ትንሽ የፕላስቲክ ነገር በእያንዳንዱ የጥርሱ ጫፍ ላይ እያደረገች አስነከሰችኝ። አንዱ ጫፍ ላይ ዘለልኩ። ከዚያ በቀጭን መለኪያ ድዱን ዙሪያውን ለካች። ሁሉም ቦታ ደህና ሆኖ አንድ ነጥብ ላይ መለኪያው ጥልቅ ብሎ ገባ። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ አጥንቱን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። ራጁ ላይ መስመሩ አልታየም። ስንጥቅ ራጅ ላይ ሁልጊዜ አይታይም፤ የሚያጋልጠው ይህ መለኪያ ነው።

አላመንኩም። ያን ያህል ሳያመኝ እንዴት ይነቀላል ብዬ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሱም ያንኑ ነገረኝ። ላዩ ላይ ያለ ስንጥቅ በክራውን ታስሮ ሊቆይ ይችላል። ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ ግን የሚይዘው ማጣበቂያ የለም። ባክቴሪያ በስንጥቁ እየገባ አጥንቱን ይጨርሰዋል። ከተቆየ ለጎረቤት ጥርስም፣ ወደፊት ለሚተከለውም የሚሆን አጥንት አይቀርም። ለሌላ ሐኪም ማሳየት የመጀመሪያውን ማስቀየም አይደለም። እኔ በሙሉ ልብ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መንቀል ብዙ ሰው እንደሚያስበው መጎተት አይደለም። ጥርስ በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ በቀጫጭን ጅማቶች ተይዟል። ሐኪሙ ወዲያና ወዲህ በቀስታ እየወዘወዘ ጉድጓዱን ያሰፋና ጅማቱን ያላቅቃል። ለዚህ ነው ጊዜ የሚወስደው።

ቁርስ በልቼ ነበር የሄድኩት። በማደንዘዣ መርፌ ለሚነቀል ሰው ባዶ ሆድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያዞራል። ደም ግፊቴ ተለካ። ሊዶኬይን ተወጋሁ። የታች መንጋጋ ሲሆን መርፌው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ዋናው ነርቭ አጠገብ ነው የሚሰጠው፤ ከንፈሬና ግማሽ ምላሴ ደነዘዘ። እስኪይዝ መጠበቅ ግድ ነው። ካልያዘ «አልደነዘዘም» በሉ፤ ይጨመራል። በጣም ያበጠና መግል የያዘ ቦታ ላይ ማደንዘዣ ይደክማል። ስለዚህ «ሲያብጥ እሄዳለሁ» ብሎ መጠበቅ ለራስ ሥቃይ መጨመር ነው።

ሕመም አልነበረም። ግፊት ግን አለ፤ ኃይለኛ ግፊት። ድምፅም አለ፤ አጥንት ውስጥ ስለሚያልፍ ከልኩ በላይ ይሰማል። ይህን ቀድመው ካልነገሩን እንደነግጣለን። ጥርሱ ሁለት ሥር ስላለው በመሞረጃ ለሁለት ተከፍሎ አንድ በአንድ ወጣ። ተከፍሎ መውጣቱ ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አጥንቱን ላለመጉዳት ታስቦ የሚደረግ ነው። «ካመመዎት እጅዎን ያንሱ» ስላለችኝ እጄ ዝግጁ ነበር። አላነሳሁትም።

መሣሪያው ከታሸገ ፓኬት ሲወጣ ማየት መብታችሁ ነው። ሄፓታይተስ ቢም ኤች አይ ቪም በደም የሚተላለፉ ናቸው። «ፓኬቱ የሚከፈተው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በጉጠት ከሚነቅል ሰው ጋ መሄድ ከዚህም የከፋ ነው። ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፣ ደም አልቆምም ይላል፣ ቴታነስም አለ።

የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጎዳል የሚለውን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። ስንት ሰው በዚህ ፍርሃት የበሰበሰ ጥርስ ይዞ እንደሚኖር ሳስበው ያሳዝነኛል። የዕይታ ነርቭና የጥርስ ነርቭ የተለያዩ ናቸው። የላይ መንጋጋ ሥር የሚቀርበው ከዓይን ሳይሆን ከሳይነስ ነው፤ ይኸውም ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ የጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ክፍተት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዴ «ለጊዜው በኃይል አይናፈጡ» የሚለው። ኢንፌክሽን ያለበትን የላይ ጥርስ መተው ነው ለፊትና ለዓይን አካባቢ አደጋ የሚሆነው።

ጥርሱ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው መድኃኒቱ። ሐኪሙ የሚነግራችሁ ሁሉ ያንን ደም ለመጠበቅ ነው። ጎዙን ለግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ትንሽ በለጥ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ንከሱ። በየደቂቃው እያወጣችሁ አትዩት። ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ በስትሮው አትጠጡ። ምራቁ ቀላ ቢል አትደንግጡ፤ ምራቅ የተቀላቀለበት ትንሽ ደም ብዙ ይመስላል። ደሙ እየፈሰሰ ካስቸገረ አዲስ ጎዝ እንደገና በደንብ ንከሱ። ያም ካላቆመው ወደ ነቀለው ሐኪም ተመለሱ። ማደንዘዣው እስኪለቅ አትብሉ፤ ከንፈርን ነክሶ ማቁሰል ቀላል ነው፣ በተለይ ለልጆች።

እኔ ለብ ያለ አጥሚትና ሾርባ፣ ቀጥሎም በርበሬ የሌለው አልጫ በሌላው ጎን በላሁ። ትኩስ ቡና የመጀመሪያውን ቀን ቀረብኝ። ሰሊጥና ተልባ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚገቡ ለጥቂት ቀን ማቆየት ጥሩ ነው። በማግሥቱ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ ከምግብ በኋላ በቀስታ አፌን አለቀለቅኩ። ሌሎቹን ጥርሶች መቦረሽ አይቋረጥም።

ወንድሜ ላይ የደረሰው የተለየ ነው። እሱ ያስነቀለው ፈጽሞ የተበላ የታች መንጋጋ ነበር። ሁለት ቀን ደህና ሆነ። ከዚያ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ፤ ወደ ጆሮው ይወጣል፣ አፉም ጠረን አመጣ። ሲጋራ ያጨሳል። የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቶ ነበር። ሲጋራም ሺሻም ይህን ያመጣሉ። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ይታጠብና መድኃኒት ያለው ነገር ይደረግበታል። እፎይታው በዚያው ቀን ነው የመጣለት። ሦስተኛ አራተኛ ቀን ላይ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ማስታገሻ እየዋጡ መታገስ አይገባም።

የእናቴ ታሪክ ከሁላችንም ይለያል። አንድም የተበላ ጥርስ የላትም። ጥርሶቿ ነጭ እንደሆኑ ነው የተነቃነቁት። ድዷ ለዓመታት ይደማ ነበር። ሲደማ መፋቅ ታቆማለች፤ ይቆስላል ብላ። ቆሻሻው ድንጋይ ሆኖ ከድዱ ሥር ይገባል፣ ድዱ ይሸሻል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ስኳር በሽታዋ ደግሞ አባባሰው። ሁለቱ እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ስኳር ሲጨምር ድድ ይታመማል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚባለውንም ታምናለች። እንዲህ የሚመስለው ድንጋዩ ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ክፍተት ስለሚታይ ነው። ሐኪሙ ሁሉንም አልነቀለም። ጣት ሲነካቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱትን አውጥቶ ሌሎቹን በማጽዳት አቆያቸው። «ልጄ፣ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር» አለችኝ። ድዱ የሚደማ ሰው ካለ አጥብቆ ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሽ፤ ማቆም ግን የለበትም። መፋቂያም ቢሆን ድዱ ሥር ድረስ በቀስታ ከደረሰ ይሠራል።

እህቴ ያስነቀለችው ዊዝደም የሚባለውን የመጨረሻውን መንጋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ይወጣል። የእሷ ቦታ አጥቶ ተንጋዶ ግማሹ ድድ ሥር ቀረ። ድዱ እየደጋገመ ያብጣል፣ አፏን መክፈት ያቅታታል። አንዴ ከሆነ ታጥቦ ይታለፋል። ሲደጋገም ግን፣ ወይም የፊተኛውን ጥርስ ማበላሸት ሲጀምር ይነቀላል። ምንም ችግር የሌለበትን ግን «ወደፊት ያስቸግራል» ብሎ መንቀል ሁሉም ሐኪም አይስማማበትም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ በሽታ የሌለበት የተቀረቀረ ዊዝደም እንዳይነቀል ይላል። ሊነቀል ሲባል «ምን በሽታ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። «ቢበላም ይቀየራል» ይባላል። አይቀየርም። እስከ ሽምግልና የተሰጠ ጥርስ ነው፤ ብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚያስነቅለውም እሱን ነው። የልጃችሁን አፍ ከፍታችሁ ከኋላ ቁጠሩ። የወተት ጥርስም ቢሆን ያለ ምክንያት ቀድሞ መነቀል የለበትም፤ ለሚተካው ቦታ የሚይዝለት እሱ ነው። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ያልወጣ ጥርሱን ከድዱ ቆፍሮ ማውጣት ደግሞ ፈጽሞ መቆም ያለበት ነገር ነው። ተቅማጡን አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ከሥር ያለውን ዋናውን ጥርስ ያበላሻል። ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

ወንጂ ያደገ ጓደኛ አለኝ። ጥርሱ ቡናማ ነው። ወንጂ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ጥርስን እንዲህ የሚያደርገው ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ነው። ስለሚያፍር ነቅሎ ሊያስተክል ፈልጎ ነበር። ሐኪሙ አልነቅልም አለው። መልኩ እንጂ ሥሩ ጤነኛ ነው፤ ላዩን መሸፈን ይቻላል። በመልክ ምክንያት ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም።

ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ መነገር ያለበትን በወረቀት ጽፋችሁ ብትይዙ ጥሩ ነው። ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይናገር፤ ግን ራሱ መድኃኒቱን አያቁም፣ ውሳኔው የሐኪሞቹ ነው። የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ከመነቀሉ በፊት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። የስኳር፣ የግፊት፣ የካንሰርና የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ እርግዝና፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ ሁሉም ይነገር። አንገትና ፊት ላይ የጨረር ሕክምና ሊጀምር ያለ ሰው መነቀል ያለበትን ጥርስ ቀድሞ ነው የሚያስነቅለው፤ ከጨረር በኋላ አጥንቱ አልድንም ይላል።

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ምላስ ከተነሳ፣ ወይም እብጠቱ ዓይንን መዝጋት ከጀመረ፣ ክሊኒክ ቀጠሮ አትያዙ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በጥርስ ሰው ይሞታል።

የተነቀለውን ስለ መተካት ዶክተሯ ከመንቀሏ በፊት ነው ያነጋገረችኝ። ቦታው ባዶ ከቀረ ጎረቤቶቹ ይዘማሉ፤ ከላይ ያለው ጥርስም ተቃራኒ ስለሚያጣ ቀስ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ ባይተካም ግድ የለም፤ የእኔ ግን መሃል ላይ ነበር። ድልድይ የሚባለው ጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ባዶውን የሚሞላ ነው፤ እሱን ለመሥራት የግራና የቀኙ ጥርስ መሞረድ አለበት። ሁለቱም ምንም ያልነካቸው ስለሆኑ አልፈለግሁም። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይረክሳል፤ ለአንድ ጥርስ ግን አይመችም። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ ሥር፣ መረጥኩ፤ ውድ ነው፣ አጥንቱም እስኪሞላ ጥቂት ወራት መቆየት ያስፈልጋል። ለአጫሽና ስኳሩ ላልተስተካከለ ሰው የመያዝ ዕድሉ ስለሚቀንስ ለሁሉም አይመከርም። እስከዚያው በየጊዜው እየሄድኩ የላይኛው አለመውረዱን አሳያለሁ። የራጆቼን ቅጂ ተቀብዬ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ከምንም ነገር በላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።